በሬዲዮ ሰላምታ የማትቀበለዋ እትዬ ታደለች

እትዬ ታደለች ማረፏን የሰማሁት በስልክ ነው። የደወለልኝ የድሮ ባልደረባዬ መካኒኩ ወርቁ ነበር። መጀመሪያ የእኔን ጤንነት ጠየቀ፤ ቀጥሎ የባለቤቴን፣ የልጆቼን፣ የእናቴን። አዲስ አበባ ዝናብ ገብቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ ኑሮ ውድነት አንስተን አብረን አማረርን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እትዬ ታደለችን ትንሽ አሟት ነበር» አለኝ። «ሆስፒታል ገብታ ነበር» አለ። «እንግዲህ የፈጣሪ ፈቃድ ነው…» ብሎ ሲጀምር አላስጨረስኩትም። «ወርቁ፣ መቼ ነው የሞተችው?» አልኩት። ቅር አለው። እንደዚያ ፊት ለፊት አይጠየቅም። ለካ በትውልድ መንደሯ በኦቾሎ ከተቀበረች ሰንብታለች።

የሌላ ሰው መርዶ ቢሆን እንዲህ ተድበስብሶ ቢነገረኝም አልናደድም ነበር። እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው። የእሷ ግን ደሜን አፈላው። ይቺ ሴትዮ ዕድሜዋን ሙሉ የተጣላችው ከዚሁ ልማዳችን ጋር ነው፤ እኛ ደግሞ እስከ መጨረሻው አልሰማናትም። ሞቷን እንኳ ለመናገር አንድ ሰዓት ሰላምታ ስንለዋወጥ ቆየን።

ነገሩ ሰማንያዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ ገና አልመጣም። ከአርባ ምንጭ ወጥተህ ኮንሶን ካለፍክ በኋላ የመስመር ስልክ ማግኘትም ዘበት ነበር። እኔ ተመርቄ እንደወጣሁ የተቀጠርኩበት የገጠር ውሃ ፕሮጀክት ቢሮው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ ሥራው ግን ቆላ ነው፤ ጉድጓድ የምንቆፍረው ከወይጦ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ነበር። መንገዱ ዝናብ ሲጥል በጎርፍ ይቆረጣል፤ ዝናብ በሌለበት ደግሞ ሰው የሚባል ሳታይ ግማሽ ቀን ትነዳለህ። ስለዚህ በየመኪናው ላይ ረጅም አንቴና ያለው የመገናኛ ሬዲዮ ተገጥሞ ነበር። በግቢያችን ውስጥ ደግሞ ከውሃ ታንከሩ እስከ ትልቁ ዋርካ የተዘረጋ ሽቦ ነበር። ከሽቦው ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እትዬ ታደለች የምትሠራው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። የሬዲዮ ኦፕሬተር ናት። ጠዋት፣ ቀትር ላይና አመሻሽ ላይ መኪኖቹ ሁሉ ይጠሯታል። ካልጠሯት እሷ ትጠራለች። ካልመለሱ ግቢውን ታምሳለች።

አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። ኦቾሎ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ የጋሞ ቃና አለው። በጣም ስትናደድ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ትላለች፤ ሁላችንም ለምደነው ነበር። ማይኩን ስትይዝ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ወደ ኋላ ገፋ ታደርጋለች። ከዚያ ዓይኗን ትጨፍናለች። ስንጥቅጥቅ በሚለው ጫጫታ መካከል የሰው ድምፅ ሲመጣ ከሁላችን በፊት የምትለየው እሷ ነች።

ጠቧ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሾፌር ጠዋት ይጠራል፤ በሬዲዮ ግቢያችን «ቤዝ» ነው፣ መኪናው በቁጥሩ ይጠራል፣ ተናግሮ የጨረሰ ደግሞ «ተቀበይ» ይላል።

«ቤዝ፣ ቤዝ፣ ሦስት ቁጥር ነኝ። እንደምን አደርሽ እትዬ ታደለች? ቤተሰብ እንዴት አደረ? ተቀበይ።»

«የት ነህ?» ትላለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ደህና ነን። ትናንት ትንሽ ዝናብ ነበር፣ ግን አምላክ ረዳን። ተቀበይ።»

«ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም። የት ነህ?»

የምትፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው። የት ነህ፣ ስንት ናችሁ፣ ቀጥሎ ከየት ትጠራኛለህ። ይኼን ከመለስክ በኋላ ሞገዱ ካልተቆረጠ፣ ሌላ መኪና ካልጠበቀ፣ እሷም ደስ ካላት ሰላም ልትልህ ትችላለች። ደስ ሲላት ግን አላየሁም።

ይህንን ሕግ ያወጣችው ዝም ብላ አይደለም። እኔ ሳልቀጠር በፊት አንድ መኪና ደርቆ በነበረው ሰገን ወንዝ አጠገብ አክስሉ ተሰብሮ ቆሟል። ሾፌሩ በሬዲዮ ጠራት፤ እንዴት ዋላችሁ አለችው። ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። እሱ ደግሞ በተራው ስለ ልጆቿ ጠየቃት። እሷም ስለ ልጆቹ ጠየቀችው። እንዲህ ተጠያይቀው ተጠያይቀው፣ ሰውየው ወደ ቁም ነገሩ ሊገባ ሲል ሞገዱ ተቆረጠ። እሷም «ደህና ናቸው» ብላ ተቀመጠች። ሰዎቹ ሁለት ቀን ያለ ውሃ በረሃ ላይ ቆዩ፤ የራዲያተር ውሃ ጠጥተው ነው የተረፉት።

«ደህና ነን እያሉኝ ነው ሊያልቁ የነበሩት» አለችኝ አንድ ቀን። «እኔም ደህና ናቸው ብዬ ምሳዬን በላሁ።»

ሾፌሮቹ ግን ይኼ አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው ልባቸው አልተቀበለውም። ሰላምታህን የማይቀበል ሰው ማለት ንቆሃል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ የተቀየማት ጋሽ ደምሴ ነበር። የሦስት ቁጥር ሾፌር ነው፤ የሁሉም ታላቅ። ኮፍያ የማይለየው፣ መኪናውን ሌላ ሰው እንዲነካበት የማይወድ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሽማግሌ ሁሉ ቆሞ ሰላም ሳይል የማያልፍ ሰው ነበር። እሱን «ሰላምታህን ተወው» ብሎ ማቋረጥ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ወር እሺ ብሎ ቻለ። ከዚያ ሽማግሌ ሰበሰበ።

አዎ፣ ሽማግሌ። ባልና ሚስት እንደሚታረቁት፣ በሬዲዮ ሰላም አልተባልኩም ብሎ ሽማግሌ አስቀመጠ። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ሁለት፣ ከሴቻ ሁለት ትልልቅ ሰዎች መጥተው ዋርካው ሥር ተቀመጡ። እኔ የጉድጓድ ፕላን የምሥልበትን ጠረጴዛ ትቼ በመስኮት አየሁ። ጋሽ ደምሴ ኮፍያውን አውልቆ ተናገረ።

«እኔ ብር አልጠየቅኩ፣ ዕድገት አልጠየቅኩ። እንዴት ዋልክ እንድትለኝ ነው። ሰው በረሃ ላይ ሲሆን እንዴት ዋልክ የሚለው ይፈልጋል።»

እውነቱን ነው። ይኼን ሲል እኔም አዘንኩለት። እትዬ ታደለች ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ደምሴ» አለች፣ «እኔ ስለምጠላህ መሰለህ? እዚያ ዕቃ ውስጥ ያለችው ጊዜ ለሰላምታ አትበቃም። ለአደጋ ነች።»

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ወሰኑ። በሬዲዮ ሰላምታ ይቅር፤ ነገር ግን መኪኖቹ ከግቢ ከመውጣታቸው በፊት እትዬ ታደለች በር ላይ ወጥታ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ሰላምታ ትስጥ። ተስማማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና ሊወጣ ሲል በር ላይ ትቆማለች። በጋሞኛ «ሳሮ» ብላ ትጀምራለች፤ ሰላም ነው ማለቷ ነው። ከዚያ የሾፌሩን እናት፣ ሚስት፣ ልጆች፣ ላም፣ የጎረቤቱን ሕመም ሳይቀር አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ረዳቱንም እንዲሁ። እኛ የጫንነውን ሲሚንቶ ይዘን ፀሐይ ላይ እንቆማለን። «በቃሽ እትዬ፣ ረፈደ» ስትላት፣ «ዝም በል፣ የሳምንቱን ነው የምሰጠው» ትላለች። ጋሽ ደምሴ በዚህ በጣም ደስ ይለው ነበር። ሞተሩን አስነስቶ፣ በመስኮት ተደግፎ፣ ሁሉንም በዝግታ ይመልስላታል። ይኼን ካገኘ በኋላ መንገድ ላይ አያወራም ነበር፤ የት እንዳለ ብቻ ነግሯት ይዘጋል። ታረቁ ማለት ነው።

ከዚያ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣልን።

ክፉ ሰው ናቸው አልልም። ብልግና የላቸውም፣ የሰው ለቅሶ አይቀሩም፣ ለታመመ ሰው ብርቱካን ይዘው ይሄዳሉ። ነገር ግን ሬዲዮው ለእሳቸው መጫወቻ ሆነ። ቢሯቸው ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሬዲዮ አስተከሉ። በቀትሩ የሬዲዮ ሰዓት መኪኖቹ ተራ ይዘው ሲጠብቁ እሳቸው ጣልቃ ይገቡና «ሰባት ቁጥር፣ ያ የነገርኩህ ፍየል እንዴት ሆነ?» ይላሉ። ማር ያዝዛሉ። በበዓል ቀን ለየካምፑ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ፤ ሁሉም ካምፕ ደግሞ በተራው ይመልሳል። ሰው ወደዳቸው። ጨዋ ሰው ናቸው ተባለ። እትዬ ታደለች ክፍሏ ውስጥ ሆና ማይኩን በመዳፏ ከድና በጋሞኛ ስትራገም እሰማለሁ። ብትነግራቸውም «እንግዲህ አንቺ ደግሞ ሰላምታ አትወጂም» ብለው ሳቁባት። ልማዱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። በየካምፑ ያለው ሁሉ የሌላውን ጨዋታ ተቀምጦ ማዳመጥ፣ ደስ ሲለው ጣልቃ መግባት ጀመረ።

ነገሩ በደረሰበት ቀን፣ የቀትሩ ሬዲዮ ሲከፈት እኔ እሷ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ካምፕ ላሉት የፓምፕ ዕቃ ደርሷቸው እንደሆነ ለመስማት ነው የሄድኩት። ሦስት ቁጥር ጠራ። ድምፁ ግን የጋሽ ደምሴ አልነበረም፤ አብሮት የወጣው ቀያሽ ሳሙኤል ነው። ጋሽ ደምሴ ማይኩን ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። እትዬ ታደለች ዓይኗን ገለጠች።

«የት ናችሁ?»

«እትዬ ታደለች… ጋሽ ደምሴን ትንሽ አሞታል። ተቀበይ።»

«ምኑን ነው?»

«ትኩሳት ነው። ይንቀጠቀጣል። መኪና የሚነዳልን የለም፤ ሾፌር ላኩልን። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ለወይዘሮ አየለች መልእክት አለው። ተቀበይ።»

ወይዘሮ አየለች ባለቤቱ ነች። እትዬ ታደለች አላመነታችም።

«መልእክቱ ይቆይ፣ ሳሙኤል። የት ናችሁ?»

«ከወይጦ ድልድይ ማዶ፣ አምና የቆፈርነው ጉድጓድ አጠገብ፣ ሾላው ሥር ነን።»

«ወባ ነው። ኪኒን አላችሁ?»

መልሱን አልሰማነውም። ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት በየካምፑ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ማይኩን ተጫነ። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ከተጫነ ድምፅ አይሰማም፤ ፉጨት ብቻ ነው። ከፉጨቱ መሀል ቁርጥራጭ ይመጣ ነበር፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ… ነፍስ ይማር… ወይ ደምሴ…»። እትዬ ታደለች «ልቀቁት፣ ሞገዱን ልቀቁት፣ ሰውየው ይናገር» እያለች ጮኸች። ማን ይስማት? ሁሉም እያጽናና ነው። ፉጨቱ ጋብ ሲል ሦስት ቁጥር ጠፍቷል። የመኪናው ባትሪ ደካማ ነበር፤ ሳሙኤል ሞተሩን ሳያስነሳ ነው የጠራው። ጠራች፣ ጠራች፤ መልስ የለም።

ሥራ አስኪያጁ ደረታቸውን ይዘው ገቡ። እሳቸውም በቢሯቸው ሆነው ሰምተዋል።

«ደምሴን አጣነው» አሉ።

«አላጣነውም» አለች። «ታሟል። ወባ ነው። አንድ መኪና ይኸው ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ አሁን ይሂድ።»

«እትዬ ታደለች፣ አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ። መርዶ በሬዲዮ ይነገራል? ልጁ እንግዲህ ምን ይበል? ይኼ ሁሉ ሰው እየሰማ ሞተ ይበል?»

«አሞታል ነው ያለኝ።»

«እሱ ራሱ ለምን አልተናገረም?»

«ስለታመመ ነዋ።»

«መልእክት አለው አላለሽም? ለሚስቱ መልእክት ማለት ምን ማለት ነው? ኑዛዜ አይደለም?»

እሷ የሰማችው ቃሉን ነው፤ ግቢው ሁሉ ደግሞ ከቃሉ ጀርባ ያለውን ነው የሰማው። እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው። ሰው ሞተ አይባልም፤ ታመመ ይባላል፤ ከዚያ ጠንከር አለበት ይባላል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይመጣል። ስለዚህ ታመመ የተባለ ሰው ሁሉ ሞቷል። በእውነት የታመመ ሰው ታሜአለሁ ለማለት ምን ይበል? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚመልስልኝ አላገኘሁም፤ ባሰብኩት ቁጥር ያቃጥለኛል። እኔም ያን ቀን «ለማንኛውም መኪናው ይቅደም» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ «ልጄ፣ አንተ ገና ነህ» ብለው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። በዚያ ግቢ ሥራ እንዲያ ተቀላጥፎ አይቼ አላውቅም። ለጥበቃ የሚሆን ባትሪ ድንጋይ ለመግዛት ሳምንት የሚፈጅ መሥሪያ ቤት፣ ያን ቀን ሁሉን ነገር ሳያድር ጨረሰው። አናጺ ተጠራ። ጣውላ ከመጋዘን ወጣ። እድሩ ተነገረው። ሽማግሌ ተመረጠ፤ ጎህ ሳይቀድ ወደ ወይዘሮ አየለች ቤት የሚሄድ ወገን ተለየ፣ ከመኪናው ጋር የሚሄድም ተለየ። ነዳጅ ተሞላ። መኪናው ሙሉ ነዳጅ ይዞ፣ ሾፌሩ አጠገቡ ቆሞ፣ የሬሳ ሳጥኑ እስኪያልቅ እስከ ሌሊት ጠበቀ። ባዶ እጃችንን ሄደን ምን ልንሠራ ነው ተባለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ሰው ሲተባበር ማየት አስጠላኝ።

እትዬ ታደለች ግን አልተቀመጠችም። መጀመሪያ ኮንሶ ከተማ ካራት ያለውን የሚሲዮን መኪና በሞገዳቸው ጠራች፤ አልመለሱም፣ ሬዲዮአቸውን የሚከፍቱት ጠዋት ብቻ ነው። ሌሎቹን መኪኖቻችንን ጠራች፤ ሁሉም «አይዞሽ እትዬ» አሏት። «አይዞሽ አትበሉኝ፣ ወደ ወይጦ ቅርብ ማን አለ?» ብትልም ጉዳዩ አልገባቸውም፤ ማልቀሷ መሰላቸው። ከዚያ የወባ ኪኒን ከሴቻ መድኃኒት ቤት ገዝታ በሚኒባስ ሲቀላ ወረደች። ወደ ጂንካ የሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና አገኘች። ለሾፌሩ ኪኒኑን ሰጠችው፤ የቦታውን ምልክት ነገረችው። እሺ አላት፣ ሄደ። ተመልሳ መጥታ ሬዲዮው ፊት ተቀመጠች። ግቢው ውስጥ መዶሻ ይሰማ ነበር። ማይኩን እንደያዘች «ሦስት ቁጥር፣ ሦስት ቁጥር» ትላለች። መዶሻው ድምፅ እንዳትሰማ ሲከለክላት ወጥታ አናጺውን «አንቺ፣ ዝም በይ» አለችው። ሰው ሁሉ አዘነላት፤ ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ ተባለ።

ጎህ ሲቀድ እኔም ከመኪናው ጋር ሄድኩ። ሳጥኑ ከላይ ታስሯል። ካራት ስንደርስ ያ ኤንትሬ ጎማው ወልቆ መንገድ ዳር ቆሟል፤ እዚያው ነው ያደረው። ኪኒኑን ከፊት መስታወቱ ሥር አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። ወይጦን ተሻገርን። ሾላው ሥር ስንደርስ ሳሙኤል መሬት ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ጋሽ ደምሴ በጋቢው ተሸፍኖ ተኝቷል። ሳሙኤል መኪናችንን አየ፣ ከዚያ ላይ የታሰረውን ሳጥን አየ። ብድግ አለ።

«ማን ነገራችሁ?» አለ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው ያረፈው፣ አሁን ነው፣ ሬዲዮው ደግሞ አይሠራም። ማን ነው የነገራችሁ?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን ኪኒን ጨብጬ እንደ ሞኝ ቆምኩ። ሳሙኤል እንደነገረን ጋሽ ደምሴ የመኪና ድምፅ የሰማ እየመሰለው ደጋግሞ ቀና ይል ነበር። ታደለች ቦታውን ካወቀች ትልካለች ይለው ነበር። ለሚስቱ የነበረው መልእክት ደግሞ ኑዛዜ አይደለም። ሰላም በሏት፣ በሁለት ቀን ውስጥ እመጣለሁ፣ አታስብ ነው። እኛ ጎህ ሲቀድ ከአርባ ምንጭ ስንወጣ እሱ በሕይወት ነበር። በዚያው ሰዓት ሴቻ ውስጥ ሚስቱን አርድተዋት ደረቷን ትመታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሁኑኑ ልናገርና ልገላገል። በስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ፣ መልእክቱን ብታስጨርሰው ኖሮ ሰውየው በሕይወት መኖሩን እናውቅ ነበር አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ይኼን ስሰማ ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ፤ ተነስቼ ግን ምን አመጣሁ? ታሟል ብሎ ሰው በአፉ የነገራቸውን አላመኑ፣ ሰላም በሉልኝ ብሎ ቢልክማ ሊያምኑ ነው። መጨረሻ ላይ ሬዲዮው ሰላምታ ለሚያውቅ ሰው ተሰጠና እሷ ወደ መጋዘን ተዛወረች። ብዙም ሳትቆይ ሥራውን ትታ ኦቾሎ ገባች። እሷ ስለዚህ ጉዳይ ራሷን ስትከላከል አንድም ቀን አልሰማሁም፤ ይኼም ያናድደኛል።

ከዚያ ስብሰባ በፊት ግን፣ ከጋሽ ደምሴ ቀብር በማግስቱ፣ ለቅሶ ቤት ሄድን። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጋቢ ለብሰው ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጠዋል። አናጺውም አለ። እትዬ ታደለች ገብታ፣ ድንኳኑ አፍ ላይ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ አየለች ቀና ብላ አየቻት። ድምጿ በለቅሶ ጠፍቷል።

«ታደለች፣ ሬዲዮው ላይ አንቺ ነበርሽ አሉኝ።»

«እኔ ነበርኩ።»

«መልእክት አለኝ ብሎ ነበር አሉ።»

«ብሎ ነበር። አላስነገርኩትም።»

ከሴቶቹ መሀል ማጉረምረም ተሰማ። አንዷ «ይቅር፣ አሁን ምን ያደርጋል» አለች። ወይዘሮ አየለች እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻቸው።

«ለምን?»

«የት እንዳለ መጀመሪያ ልወቅ ብዬ ነው።»

«ነገረሽ?»

«ነገረኝ። ከወይጦ ድልድይ ማዶ፣ ሾላው ሥር።»

«መሽቶ ነበር?»

«ቀትር ነበር።»

«መኪና አልነበረም?»

«ነበረ። ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር፣ ሾፌሩም ነበር።»

ወይዘሮ አየለች ፊቷን ከእትዬ ታደለች ወደ እኛ መለሰች። ሽማግሌዎቹን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ እኔን፣ አናጺውን፣ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን።

«ታዲያ እናንተ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር?» አለች።

ሳጥን ስናሠራ ነበር ብሎ የሚመልስላት ሰው ጠፋ።